ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ጥያቄ

(እሑድ ሰኔ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. በለንደን በኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ ሲሆን ከጥቂት ድግግሞሽ በቀር አልተነካም።)

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? እንኳን በደኅና ተገናኘን። ሙስሊም ወገኖቻችን፣ እንኳን ለረመዳን አደረሳችሁ። በዚህ አገር በሰኔ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነውና፣ ጾመኛ ፊት ቆሞ ንግግር ማስረዘም ግፍ መሆኑን አውቃለሁ። አላስረዝምም። (ሳቅ) የምትስቁት ስለምታውቁኝ ነው።

አዘጋጆቹ «ስለ ሕዝበ ውሳኔው ጥቂት ተናገርልን» ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ አልኩ። የፖለቲካ ምሁር አይደለሁም። በዚህ ከተማ አሥራ አራት ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ። አንደኛው አዘጋጅ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ምሁር አላጣንም። ባለፈው ወር እዚሁ ቡና ላይ ሁለት ሰዎች በዚህ ጉዳይ ተጣልተው አንደኛው አውልቆት የነበረውን ጫማ ሳያጠልቅ ወጥቶ ሄዷል።» ያ ሰው ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጧል። ጫማው ተገኝቷል። (ሳቅ)

እንግዲህ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ሰኔ 16፣ ይህች አገር ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ በሚለው ላይ ድምፅ ይሰጣል። ሦስት ነገር ልናገር። መጀመሪያ፣ ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው? ሁለተኛ፣ ወረቀቱ የሚጠይቀን ምንድን ነው፣ የማይጠይቀንስ? ሦስተኛ፣ ሳንጣላ እንዴት እንከራከር? ሁለተኛው ይረዝማል፤ ከአሁኑ ይቅርታ። ዓመት ስጠራ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የአገር ቤቱን ስጠራ ዓመተ ምሕረት እላለሁ።

እስቲ እጅ እናውጣ። የብሪታንያ ዜግነት ያላችሁ? ጥሩ፣ ብዙ ናችሁ። አውርዱ። የሆላንድ፣ የስዊድን፣ የጀርመን፣ የጣሊያን ፓስፖርት የያዛችሁ? እናንተም ጥቂት አይደላችሁም። የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያላችሁ? እናንተም አላችሁ። አሁን ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ሐሙስ ድምፅ የሚሰጡት መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት ብቻ ናቸው። ሮተርዳም ላይ ጥገኝነት አግኝቶ፣ ዜግነት ወስዶ፣ ከዚያ ወደዚህ መጥቶ አሥር ዓመት የኖረ ወንድማችን ድምፅ የለውም። ልጆቹ እዚህ ተወለዱ፤ ግብሩን እዚህ ይከፍላል። የሚወሰነውም ስለ እርሱ ነው። ድምፅ ግን የለውም።

ኬንያዊው ጎረቤቴ ግን አለው። የብሪታንያ ዜጋ አይደለም፤ ቪዛ ነው ያለው። ነገር ግን ኬንያ የኮመንዌልዝ፣ የብሪታንያና የቀድሞ ግዛቶቿ ማኅበር፣ አባል ናት፤ እዚህ በሕግ የሚኖር የኮመንዌልዝ አገር ዜጋ ድምፅ ይሰጣል። ናይጄሪያዊውም ይሰጣል፣ ሕንዳዊውም ይሰጣል። ሩዋንዳ እንኳ በእንግሊዝ ሳትገዛ በ2009 ኮመንዌልዝ ስለገባች ሩዋንዳዊውም ይሰጣል። እኛስ? እኛማ አልተገዛን! አባቶቻችን ዓድዋ ላይ ሲዋደቁ አንድ ቀን ለንደን ውስጥ በዚህ ምክንያት ወረፋ እንደምናጣ ማን አሰበ? (ሳቅና ጭብጨባ) ኬንያዊውን ይህን ስነግረው «ታዲያ ለምን እምቢ አላችሁ?» ብሎ አሾፈብኝ።

ይህን ያነሣሁት ለቀልድ ብቻ አይደለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው ሰው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ጉዳይ በእጁ አለ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስለ አሰጣጡ ባጭሩ። ያልተመዘገበ ሰው አልፎበታል። ማክሰኞ ሌሊት መመዝገቢያው ድረ ገጽ ተጨናንቆ ስለወደቀ ፓርላማው ቀኑን እስከ ሐሙስ እኩለ ሌሊት አራዝሞ ነበር፤ ያም አለቀ። የተመዘገባችሁ ግን በዚያ ቀን አገር ውስጥ የማትኖሩ ከሆነ እስከ ፊታችን ረቡዕ ድረስ ሰው መወከል ትችላላችሁ። ጣቢያው የሚከፈተው በእኛ ሰዓት ጠዋት 1 ሰዓት፣ በእነርሱ 7 ሰዓት ነው፤ የሚዘጋው በእኛ ምሽት 4፣ በእነርሱ 10 ሰዓት ነው። እባካችሁ የሰዓቱን ነገር አታምታቱት፤ አንድ ጊዜ የልጄን የትምህርት ቤት ስብሰባ በስድስት ሰዓት ልዩነት ያመለጥኩ ሰው ነኝ። ፓስፖርት አያስፈልግም፤ በቤታችሁ የመጣውን ካርድ ብትረሱትም ስምና አድራሻ ይበቃል። ወረቀቱ ላይ ከሁለቱ ሣጥኖች በአንዱ የመስቀል ምልክት ብቻ። ስማችሁን አትጻፉ፣ አትፈርሙ። አባወራዎች ደግሞ ስሙኝ፤ የሚስታችሁ ድምፅ የእናንተ አይደለም። ሰፈር ለይቶ የሚቆጠር ቢሆንም ውጤቱ የመላ አገሪቱ ድምር ነው፤ እንደ ፓርላማው ምርጫ «እኛ አካባቢ ማን እንደሚያሸንፍ ይታወቃል» ተብሎ የሚቀርበት አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው።

ወረቀቱ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ዩናይትድ ኪንግደም የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆና ትቆይ ወይስ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ? መጀመሪያ «አዎ» ወይም «አይ» የሚያሰኝ ነበር፤ የምርጫ ኮሚሽኑ «አዎ» የሚለው ቃል ለአንዱ ወገን ያደላል ብሎ አስለወጠው። ጥሩ አደረገ። ጥያቄው አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፣ ልጅ ይረዳዋል። እኔን የሚያስፈራኝም ይህ ማጠሩ ነው።

ለምን እንደሚያስፈራኝ ልንገራችሁ። ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነበርኩ፤ የ23 ዓመት ወጣት። ጎረቤታችን አንዲት እናት ነበሩ። አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያረጁ፣ ሻይ ቤት የነበራቸው፣ እኔን በሻይና በቦምቦሊኖ ያሳደጉኝ ሴት። የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ አዲስ አበባም ውስጥ ድምፅ ይሰጥበት ስለነበር ወረፋው ረጅም ነው ተባለ። እርሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እኔ ከሻይ ቤቱ አንዲት ዱካ ተሸክሜ አብሬያቸው ሄድኩ። ወረፋው ሲጎተት ይቀመጣሉ፣ ሲንቀሳቀስ ይነሣሉ፣ እኔ ዱካዋን ይዤ እከተላለሁ። ድምፅ ሰጥተው ሲወጡ እልል አሉ። ማታ ቡና አፈሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጠጣ። እናቴም ጠጣች፤ በልቧ ግን ቅር ብሏት ነበር።

ስለ ኤርትራ ነፃነት ዛሬ ክርክር አልከፍትም። ከመቶ 99.8 «አዎ» ያለ ሕዝብ ውሳኔውን ወስኗል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ወረቀቱ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር። ድንበሩ በትክክል የት ጋ ነው ብሎ አልጠየቀም። ገንዘቡ ምን ይሆናል ብሎ አልጠየቀም። አዲስ አበባ ሻይ ቤት ያላቸው እናት የማን ዜጋ ይሆናሉ ብሎ አልጠየቀም። እነዚህ ጥያቄዎች ግን አልጠፉም፤ ቆይተው መጡ። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ጦርነት ሆነ። ከዚያ እኚያ ሴት ተጠሩ። «በ85 ድምፅ ሰጥተሻል፤ ስለዚህ የሌላ አገር ዜጋ ነሽ» ተባሉ። በአንድ ሻንጣ ሄዱ። ዱካዋ እኛ ቤት ቀረች። እርሳቸው ያን ቀን ድምፅ የሰጡት ስለ ኤርትራ መስሏቸው ነበር። ስለ ራሳቸው ቤት ድምፅ እየሰጡ እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። ዱካዋን ተሸክሜ የሄድኩት እኔም አላወቅኩም።

(ጸጥታ)

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ከእንግሊዝ ጋር ምን አገናኘው? እዚህ ጦርነት አይመጣ!» ትሉ ይሆናል። አይመጣም። እኔም አይመጣም ነው የምለው። ነገር ግን የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 አለው፤ የአውሮፓ ኅብረት ውልም አንቀጽ 50 አለው። የእኛ ሰው ስለ መገንጠል መከራከር አያስተምሩትም! አንቀጽ 39 ምን ይላል? የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስን፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ፣ የንብረት ክፍፍሉ በሕግ ይፈጸም። አንቀጽ 50 ምን ይላል? ለመውጣት የወሰነ አገር ያስታውቅ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ መውጫውን ይደራደር። ሁለቱም በሩን ያሳያሉ። ከበሩ ወዲያ ያለውን መንገድ ግን አንዱም አያሳይም። እስከ ዛሬ በሕዝብ ድምፅ ከአውሮፓው ማኅበር የወጣች ግሪንላንድ ብቻ ናት። በ1982 ድምፅ ሰጠች፣ በ1985 ወጣች። ሕዝቧ ሃምሳ ሺህ ያህል፣ ዋናው ክርክር ዓሣ ነበር። ለዓሣ ሦስት ዓመት! እዚህ ያለው 65 ሚሊዮን ሕዝብ ነው።

ደግሞ ስለ ድንበር። ባለፈው ሐሙስ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ጆን ሜጀርና ቶኒ ብሌር፣ የተለያየ ፓርቲ ሰዎች፣ አብረው ሰሜን አየርላንድ ሄደው «ከወጣን ከአየርላንድ ጋር ያለው ድንበር ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። በቴሌቪዥን ያየሁት ሥራ ቦታ ነው። አጠገቤ የነበረው እንግሊዛዊ የሥራ ባልደረባዬ «ይኼ ደግሞ ምን አስጨነቃቸው?» አለ። እኔ ግን ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ካርታ ላይ አንድ መስመር ምን እንደሚያመጣ ለባድመ ሰው አይነገረውም።

አሁን ስለ አውቶቡሱ። (ሳቅ) አዎ፣ ስለ አውቶቡሱ መናገር መብቴ ነው፤ ሙያዬ ነው። «እንውጣ» የሚሉት ቀይ አውቶቡስ ላይ ምን ጻፉ? በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለአውሮፓ እንልካለን፤ በምትኩ ለጤና አገልግሎታችን እናውለው። ይህን ያህል ገንዘብ አይላክም። ማርጋሬት ታቸር በ1984 ተከራክረው ያስቀነሱት ቅናሽ አለ፤ እርሱ ሂሳቡ ሳይከፈል አስቀድሞ ይነሣል። ከተላከውም ላይ ለገበሬዎችና ለድኻ አካባቢዎች የሚመለስ አለ። የመንግሥቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን ራሱ ቁጥሩ ያሳስታል ብሏል። የሚገርማችሁ፣ አውቶቡሱ ጉዞውን የጀመረው ኮርንዎል ውስጥ ነው፤ ከዚያው ከአውሮፓ ገንዘብ ከሚደጎመው አካባቢ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ግን እውነቱን እንናገር ካልን በሁለቱም በኩል እንናገር። «እንቆይ» የሚሉትስ? የገንዘብ ሚኒስቴሩ እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት 4,300 ፓውንድ ያጣል አለ። ይህን የሰማ ሰው ከኪሱ የሚወሰድበት ይመስለዋል። ስሌቱ ግን በ2030 ኢኮኖሚው ሊደርስበት ይችል ከነበረው መጠን የሚጎድለውን በቤተሰብ ቁጥር ማካፈል ነው። ከዛሬ ደመወዛችሁ የሚቀነስ አይደለም። ሠራተኛውን ሕዝብ በቁጥር ማስፈራራት ነው። ደግሞስ ይህን ሁሉ ማን አመጣው? ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ካሜሮን በጃንዋሪ 2013 ሕዝበ ውሳኔ ቃል የገቡት የፓርቲያቸውን ጠብ ለማብረድ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የተቃዋሚው የሌበር ፓርቲ መሪ ጄረሚ ኮርቢንም ባለፈው ዓርብ ማታ በቴሌቪዥን ስለ አውሮፓ ኅብረት ያላቸውን ፍቅር ከአሥር ስንት ትሰጡታላችሁ ሲባሉ «ሰባት፣ ወይም ሰባት ተኩል» አሉ። ለሠርግ እንዲህ የሚመልስ ሙሽራ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ወደ አውቶቡሱ ልመለስ። አሥራ አራት ዓመት ስነዳ አንድ ነገር አስተውያለሁ። ጣቢያ ላይ የቆመ ሰው የሚያነበው የአውቶቡሱን ግንባር ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ የተጻፈው እዚያ ነውና። ጎኑ ላይ ያለው ማስታወቂያ ነው፤ የሽቶ፣ የፊልም። የሽቶውን ማስታወቂያ አይቶ የሚሳፈር ሰው የለም። «ከዚህ ብቻ ውሰደኝ፣ የትም ይሁን» ብሎ የተሳፈረ ሰው አንድ ጊዜ ገጥሞኛል፤ እርሱም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ሰክሮ። (ሳቅ) 350 ሚሊዮኑ የተጻፈው የት ላይ ነው? ጎኑ ላይ ነው። ግንባሩ ላይ ምን ተጽፏል? አንደኛው «እንደ ኖርዌይ እንሆናለን» ይላል። ኖርዌይ እኮ የኅብረቱ አባል ሳትሆን ገንዘብ ትከፍላለች፣ የአውሮፓ ሠራተኞችንም በነፃ ታስገባለች። ሌላው «ከጋራ ገበያውም እንወጣለን» ይላል። ሦስተኛው «እንደ ካናዳ ከውጭ ሆነን በስምምነት እንነግዳለን» ይላል። ሦስት አውቶቡስ ነው፤ ቲኬቱ ግን አንድ ነው። እኔ የምላችሁ ይህን ነው፦ ግንባሩን አንብባችሁ ተሳፈሩ። ግንባሩ ባዶ ከሆነ ሹፌሩን ጠይቁ። ሹፌሩ ካላወቀ ደግሞ፣ እኔ ሹፌር ነኝ፣ አልሳፈርም።

ሕጋችንን ራሳችን እናውጣ የሚለውን ክርክር አልንቅም። ክቡር ክርክር ነው። በ1975 ስለዚሁ ጉዳይ በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ጊዜ ይህን ይሉ ከነበሩት ዋነኛው ቶኒ ቤን የግራ ሰው ነበሩ እንጂ መጤ ጠል አልነበሩም። በዚህ ምክንያት «እንውጣ» የሚል ሰው ካለ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ። በእኛ መካከል ግን ይህን የሚል ሰው ብዙ አልገጠመኝም። እኛ መካከል የሰማሁት ሌላ ነው።

የአክስቴ ልጅ አለ። በአሥራ አምስት ዓመት እበልጠዋለሁ፤ ጋሼ ይለኛል። ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራል። ለንግሥቲቱ ምሎ ዜጋ የሆነ ሰው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄዶ አገባ። ሚስቱ እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ናት። የፋሲካ ዕለት ቤቴ መጥቶ ሳለ «ጋሼ፣ እኔ እንውጣ ነው የምለው» አለኝ።

«ለምን?»

«ከእኔ ጋር ሰሐን የሚያጥበው ልጅ ሚስቱን ከፖላንድ በአውቶቡስ አመጣት። አንድ ወረቀት አልሞላም። እገሌ ደግሞ የሆላንድ ፓስፖርት ስላለው ሚስቱን ከአዲስ አበባ አመጣት፤ ለፈቃዷ አንድ ሳንቲም አልከፈለም። እኔ የዚህ አገር ዜጋ ነኝ። ሚስቴን በስልክ ነው የማያት። ጋሼ፣ ይህ ፍትሕ ነው?»

ምን ልበለው? ፍትሕ አይደለም። እንዲህ ብዬ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን በቁጣ «አንተ ደንቆሮ፣ የተቀመጥክበትን ቅርንጫፍ ትቆርጣለህ?» አልኩት። ተነሣ። የዶሮውን እንቁላል ሳይነካ ትቶ ሄደ። በፋሲካ ቀን እንቁላሉን ትቶ የሄደ ሰው ምን ያህል እንደተቀየመ እናንተ ታውቃላችሁ።

ከሄደ በኋላ ተቀምጬ አሰብኩበት፤ አነበብኩም። ዜጋ የሆነ ሰው ሚስቱን ከአውሮፓ ውጭ ለማምጣት በዓመት 18,600 ፓውንድ ገቢ ሊኖረው ይገባል። ልጅ ሲኖር ከዚያም ይበልጣል። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ካለፈው ኤፕሪል ጀምሮ 7 ፓውንድ ከ20 ነው። በሳምንት 40 ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ሳይታመም ቢሠራ 14,976 ፓውንድ። አይደርስም። በምንም ሂሳብ አይደርስም። ይህን ሕግ ማን አወጣው? የኅብረቱ መቀመጫ ብራስልስ? አይደለም። በጁላይ 2012 የዚሁ አገር መንግሥት አወጣው፣ እዚሁ ለንደን፣ ዌስትሚኒስተር። ብራስልስማ በእኛ ላይ ቢፈርድ ኖሮ ያ ሆላንዳዊ አበሻ ሚስቱን ባመጣበት ሕግ ይፈርድ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

የዘንድሮው ወሬ ሁሉ ስለ ስደተኛ ቁጥር ነው። በ2015 ከወጣው የገባው በ333 ሺህ በልጧል። ከአውሮፓ ኅብረት የመጣው 184 ሺህ፤ ከኅብረቱ ውጭ የመጣው 188 ሺህ ነው፤ የወጡት እንግሊዛውያን ከዚህ ላይ ይቀነሳሉ። ልብ በሉ፦ ከውጭ የመጣው፣ ማለትም የእኛው ዓይነቱ፣ ከአውሮፓው አያንስም። እርሱን ደግሞ መቀነስ የሚፈልግ መንግሥት ዛሬም ብራስልስን አይጠይቅም። ከ2010 ጀምሮ ቁጥሩን ከመቶ ሺህ በታች እናወርደዋለን ሲሉ ኖረዋል። ታዲያ የአውሮፓው በር ሲዘጋ የእኛ ይከፈታል ያለ ማን ነው? «የአውሮፓው ሲቀንስ ለሌላው ዓለም ቦታ ይገኛል» ብለው የእስያ ምግብ ቤቶችን የሚያባብሉ ፖለቲከኞች አሉ። በዚህ በጁን መጀመሪያ ያወጡት ዕቅድ ግን እንደ አውስትራሊያ በነጥብ ነው፤ በሙያ፣ በእንግሊዝኛ። የአክስቴ ልጅ ሚስት በነጥብ ትገባለች? እኔ እንጃ። ይልቅ የሚመስለኝ፣ የእርሱ በር እንደተዘጋ ይቀርና የዚያ የሆላንዱ ሰው በር አብሮ ይዘጋል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህን ነው። ያ ሰው ድምፅ የለውም። እዚህ ተቀምጧል። እዚያ መስኮቱ አጠገብ።

አንድ ሁለት ነገር ስለ ወሬ። «ከወጣን ዱብሊን ይቀራል፤ ጣሊያን ላይ አሻራ የሰጠ አይመለስም» የሚል ወሬ በወጣቶች ዘንድ አለ። ዱብሊን፣ ጥገኝነት ጠያቂን መጀመሪያ ወደ ገባበት የአውሮፓ አገር የሚመልሰው ደንብ፣ የአውሮፓ ሕግ መሆኑ እውነት ነው። በምትኩ ሌላ ስም ያለው ዱብሊን አይመጣም ብሎ የሚምል ካለ ግን እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ የለም። ሌላው ወሬ «ከወጣን የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤቱም ይቀራል፣ ሁላችንንም ይመልሱናል» የሚል ነው። እናቶች በዚህ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ያ ፍርድ ቤት ስትራስቡርግ ያለው ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት አይደለም። ብሪታንያ ስምምነቱን ያጸደቀችው በ1951 ነው፤ ኅብረቱ ውስጥ የገባችው በ1973። ሐሙስ የሚወሰነው ስለ እርሱ አይደለም። አትፍሩ።

ስለ ንግዱ ብዙ አልልም፤ ይህች አገር ወደ ውጭ ከምትሸጠው ከመቶ 44 ያህሉ ወደ ኅብረቱ ይሄዳል፤ የቀረውን ከእኔ የሚያውቁ አሉ።

እኔ «እንቆይ» ላይ ነው ምልክት የማደርገው። ተደብቄ አልመክራችሁም። ኅብረቱን ስለወደድኩት አይደለም፤ ከአሥር ስንት ብትሉኝ ከሌበሩ መሪ ባነሰ ነው የምሰጠው። ግሪክን እንዴት እንዳስጨነቋት አይቻለሁ፤ ሜዲትራንያን ውስጥ ስንት የእኛ ልጆች እንደቀሩ እናንተም ታውቃላችሁ። ነገር ግን ግንባሩ ባዶ አውቶቡስ ነው። ዱካዋንም አልረሳሁም።

ሦስተኛው ነገር፣ ጠቡ። በ1975 ሕዝበ ውሳኔ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ዊልሰን ሚኒስትሮቻቸውን «በዚህ ጉዳይ በአደባባይ ተለያዩ» ብለው ፈቀዱላቸው። ተለያዩ፤ አንዱ ሌላውን በመድረክ ሞገተ። ከመቶ 67 የሚሆነው ሕዝብ እንቆይ አለ። የተሸነፉትም በካቢኔው ቆዩ። ቶኒ ቤንን ከኢንዱስትሪ ወደ ኢነርጂ ሚኒስቴር ቢያዛውሯቸውም አላባረሯቸውም። እኛ ግን በአገር ቤት ፖለቲካ የተነሣ ሰላምታ የተጣጡ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት አለን? አሁን ደግሞ በፈረንጅ ፖለቲካ እንጨምርበት? ማን ምን እንደመረጠ አትጠይቁ። ድምፁ ምስጢር የሆነው ለዚህ ነው። የጠየቃችሁትን ደግሞ እንደ እኔ ደንቆሮ አትበሉት።

እኔንና የአክስቴን ልጅ ባለቤቴ ናት ያስታረቀችን፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠርታው መጣ፣ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሂሳቡን፣ 14,976ቱን፣ ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየሁት። ብዙ ጊዜ ተመለከተው። «ጋሼ፣ ገብቶኛል፤ ሕጉን ያወጡት እነዚሁ ናቸው። ግን እነዚህኑ አንድ ጊዜ ማስደንገጥ እፈልጋለሁ» አለኝ። አሁንም እንውጣ ነው የሚለው። አልተለወጠም። ሐሙስ ጠዋት ከሥራ በፊት አብረን እንሄዳለን። ባለቤቴ ይህን ሰምታ «የአንዱ ድምፅ የሌላውን ካጠፋው ሁለታችሁም ቤት ብትተኙስ?» አለች። (ሳቅ) መልስ አጣሁላት።

ሆኖም በአንድ ነገር ተስማማን፤ ደብዳቤ ጻፍን። ስለ 18,600ው ለፓርላማ አባላችን የሚላክ ነው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ በፌብሩዋሪ ተሰምቷል፤ ውሳኔው እየተጠበቀ ነው፤ እኛ ግን ፍርድ ቤቱን ቁጭ ብለን አንጠብቅም። የፓርላማ አባል ደግሞ በምርጫ ክልሉ የሚኖረውን ሁሉ ይሰማል፤ ድምፅ ይኑረው አይኑረው። የሆላንድ ፓስፖርት ያላችሁም፣ መኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያላችሁም፣ «እንውጣ» የምትሉም፣ «እንቆይ» የምትሉም መፈረም ትችላላችሁ። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የውክልናውም ቅጽ እዚያው አለ፤ እስከ ረቡዕ ነው፣ እንዳትረሱ። እስክርቢቶውን ይዛችሁ አትሂዱብኝ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው ሰው እጁን ያውጣ፤ ጫማውን ግን እባካችሁ ማንም አያውልቅ።